ስልሳ አንደኛው ሳጥን

ዓለምዘውድ በቀለ ወልቂጤ በሚገኝ አንድ የልማት ማኅበር የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆና ስትቀጠር፣ በመጀመሪያው ሳምንት የሠራችው ሥራ የቀድሞውን ኃላፊ ካርቶኖች ወለል ላይ ዘርግፋ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ መቁጠር ነበር። ሦስት ቀን ፈጀባት። በአራተኛው ቀን አናጢ አባቷን ጠርታ ግድግዳውን አስለካችው፤ እሱም በዋንዛ እንጨት አርባ ሳጥን ያለው መደርደሪያ ሠራላት። በየሳጥኑ ግንባር ላይ የሠራተኛው ስም ተለጠፈ። ብሩክ። ሰልሚያ። ሙባሪክ። የአባት ስም አልተጻፈም። ሰው የሚጠራው በገዛ ስሙ ነውና ማንም ጎደለ አላለም። ደብዳቤ ሲመጣ ዓለምዘውድ ቁጥር ትሰጠዋለች፤ ቀኑንና ሰዓቱን ትጽፍበታለች፤ ከባለቤቱ ሳጥን ትከተዋለች። በስድስት ዓመት ውስጥ ከእጇ አንድ ወረቀት አልጠፋም። ይህን መሥሪያ ቤቱ ያውቅ ነበር፤ እሷም ታውቅ ነበር።

በዚህ ጠባይዋ ደፍራ የምትቀልድባት አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ሳሌሃ ሙሀመድአወል ትባላለች፤ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ አራት ዓመት በአንድ ክፍል አድረዋል። ዓለምዘውድ የመረጃ አያያዝ፣ ሳሌሃ ፋርማሲ ተምረው ተመረቁ። ሳሌሃ ወደ አገሯ ወደ ቡታጅራ ተመልሳ የአንድ የክሊኒኮች ኅብረት የመድኃኒት መጋዘን ኃላፊ ሆነች።

"አንቺ እኮ" ትላት ነበር በስልክ፣ "ስታገቢ ሚዜዎችሽን በፊደል ተራ ነው የምታሰልፊያቸው።"

"አንቺ ደግሞ ከኋላ ነው የምትቆሚው። ሰልፉን ታፈርሺብኛለሽ።"

የሳሌሃ ሳቅ ሁልጊዜ በሳል ነበር የሚያልቀው። አስም ነበረባት። በአፍ የሚሳበው መድኃኒቷ፣ ሰማያዊው፣ ከኪሷ ወይም ከጠረጴዛዋ ጠፍቶ አያውቅም። ዓለምዘውድ በዶርም ዘመን ሁለተኛውን መጠባበቂያ በራሷ ትራስ ሥር ታስቀምጥላት ነበር።

በ2005 ዓ.ም. ማኅበሩ አንድ ሰርቨር ገዛ። የሠራተኛው ኢሜይል ሁሉ በእሱ በኩል እንዲመጣና እንዲሄድ ተወሰነ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሰይዶ "ደብዳቤ ያው ደብዳቤ ነው፤ መዝገብ ቤት ይያዘው" አሉና ማሽኑ ከዋንዛው መደርደሪያ አጠገብ ተቀመጠ። የኮምፒውተር ባለሙያው ብሩክ አስተማራት፤ እሷም በፍጥነት ተማረች። ማሽኑ ውስጥ እንደ መደርደሪያው አድርጋ አርባ ሳጥን ከፈተች። አንድ ስም፣ አንድ ሳጥን።

ማሽኑ ማን መቼ እንደላከ፣ ማን ከየትኛው ኮምፒውተር ሳጥኑን እንደከፈተ በራሱ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ሰዓቱ ግን የፈረንጅ ነው። ዓለምዘውድ ዘወትር ዓርብ መዝገቡን አትማ፣ በዳርቻው ላይ በእርሳስ የአገሩን ቀንና ሰዓት ትጽፍበት ነበር። እንድታደርገው ያዘዛት ማንም የለም።

በ2008 መጨረሻ ሌሎች ድርጅቶች መጡ። የመምህራን ማኅበር፣ የመድኃኒትና የቁሳቁስ አቅራቢ ነጋዴዎች ማኅበር፣ በመጨረሻም የእነሳሌሃ የክሊኒኮች ኅብረት። ሁሉም በየራሳቸው ስም የሚጠራ ኢሜይል ፈለጉ። ሰርቨር ለመግዛት አቅም ስላልነበራቸው የልማት ማኅበሩን ለመኑ። አቶ ሰይዶ ደስ አላቸው፤ በግምገማ ላይ የሚያነሡት ነገር አገኙ። አንድ ሰርቨር፣ አራት ዶሜይን፤ ለየድርጅቱ አንድ የኢሜይል ስም።

"ሁለት መንገድ አለ" አላት ብሩክ። "አንደኛው፣ ለእያንዳንዱ ድርጅት የራሱን ክፍል ሠርቶ ሰዉን ሁሉ ከነድርጅቱ መመዝገብ ነው። ሦስት ቀን ይፈልጋል። ሁለተኛው ቀላል ነው። የአራቱን ስም ለማሽኑ እንነግረዋለን፤ በር ላይ ሲመጡ አራቱንም ተቀብሎ ያስገባል። አንዴ ከገቡ በኋላ ግን የሚያነበው የሰውየውን ስም ብቻ ነው። ከየትኛው ቤት እንደሆነ ይረሳዋል።"

"ከረሳውማ ምን ዋጋ አለው?"

"ስም እስካልተደገመ ድረስ ምንም አይል። ለጊዜው እንዲህ ይሂድ፤ ከመስቀል በኋላ እንለየዋለን።"

"ለጊዜው ያልነው ነገር ነው ዕድሜ የሚኖረው" አለችው። ሆኖም አቶ ሰይዶ ከመስቀል በፊት እንዲያልቅ ስለፈለጉ ተስማማች። የሦስቱን ድርጅቶች ስም ዝርዝር ጎን ለጎን አድርጋ ሁለት ጊዜ አመሳከረች። የተደገመ አልነበረም። የክሊኒኮቹ ዝርዝር ግን አልመጣም ነበር።

የመጣው ዓርብ መስከረም 13 ቀን 2009 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ዘጠኝ ስም ነበረበት። በአገሩ ልማድ ለመስቀል ከቤት አለመግባት ከሞት አይተናነስም፤ የዓለምዘውድ ቤተሰብ ጴንጤ ከሆነ ሁለት ትውልድ ቢያልፈውም ለመስቀል እምድብር አጠገብ ወዳለው የአያት ግቢ ሳይገባ ቀርቶ አያውቅም። ሚኒባሱ በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋል። እናቷ ወርቅነሽ የፊት ወንበር ላይ ቅቤውን በጭኗ ይዛ ተቀምጣለች። ብሩክ ከዘጠኙ የተወሰኑትን ጠዋት በስልክ ሰምቶ እንደመዘገበ ነግሯት ነበር፤ የትኞቹን እንደሆነ ግን አልጠየቀችውም። በጥድፊያ ስሞቹን ማስገባት ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ስም ላይ፣ አሚኑ ብላ ስትጽፍ፣ ማሽኑ ይህ ስም አለ አላት።

ብሩክ መዝግቦታል ማለት ነው ብላ አሰበች። ወደ አምስተኛው አለፈች።

ዝርዝሩን ከነአድራሻው አትማ አንዱን ቅጂ ወደ ቡታጅራ ላከች፤ አንዱን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈች፤ መብራቱን አጥፍታ ወጣች። በሥራ ዘመኗ ያላመሳከረችው ዝርዝር ያ ብቻ ነበር።

ረቡዕ መስከረም 18 ዓለምዘውድ በአያቷ ግቢ ጀፎረው ላይ፣ በዛፍና በቤት መካከል በተዘረጋው ሰፊ ሣር ላይ ተቀምጣ ሳለ ሳሌሃ ደወለች።

"እንኳን አደረሰሽ፣ ዓለሜ። ክትፎውን እየቆጠርሽ ነው የምትበዪው?"

"መዝግቤዋለሁ። አንቺ ሥራ ላይ ነሽ?"

"እኛማ ለአረፋ ገብተን ተመለስን። አሁን ተራው የእናንተ ነው፤ መሥሪያ ቤቱን የያዝነው እኛ ነን።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ስሚኝ። ያ ዝርዝር ላይ ያለው የተቆጣጣሪው የአሚኑ አድራሻ ይሠራል?"

ተቆጣጣሪው አሚኑ የኅብረቱን ክሊኒኮች እየዞረ የሚያይ ሰው ነው። አንዱን ሳምንት አረቅጥ ይውላል፤ ሌላውን እምድብር። የወረቀት ደብዳቤ የሚደርሰው በቡታጅራው ሥራ አስኪያጅ በኩል ብቻ ነበር።

"ዓርብ ተከፍቷል። ምን ሆንሽ?"

"አዲስ የመጣው የልጆች መርፌ ላይ የማብቂያ ቀኑ ተለጥፎበታል። ወረቀቱን በጥፍሬ ልጬ አየሁት፤ ከሥሩ ሌላ ቀን አለ። ካለቀ ዓመት አልፎታል። ፎቶ አንሥቻለሁ። ያመጣው የነጋዴዎቹ ማኅበር አሚኑ ነው፤ ሥራ አስኪያጃችን ደግሞ የሚያየው በእሱ ዓይን ነው። ስለዚህ ለተቆጣጣሪው በቀጥታ ልጻፍለት ብዬ ነው።" ትንሽ ሳለች። "ከእሱ ሌላ የሚያየው ሰው አለ?"

"ከእሱ ሌላ ማንም አያየውም።"

"አንቺ ካልሽ አለቀ" አለች ሳሌሃ።

ሁለት አሚኑዎች በአንድ ጭውውት ውስጥ ተጠርተው ነበር። ዓለምዘውድ በሁለት ጆሮዋ ሰምታቸዋለች። ከፊቷ የልጆች ጫጫታ፣ የሚከተፍ ሥጋ ድምፅ ነበር፤ አእምሮዋ ግን ወልቂጤ፣ ዝርዝሩ ላይ፣ አልነበረም።

ወደ ሥራ የተመለሰችው ሰኞ መስከረም 23 ነው። ከተማው በሹክሹክታ ይነጋገር ነበር። እሑድ ቢሾፍቱ ላይ ሰው ማለቁ ተሰምቷል፤ የአዲስ አበባውን መንገድ ሾፌር ሁሉ ፈርቶታል። ሻይ ቤት ውስጥ ሰዎች ከማውራታቸው በፊት ጎናቸውን ያያሉ። ብሩክ ሬድዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ ተቀምጧል። ዓለምዘውድ ቦርሳዋን ሳታወርድ ያላመሳከረችውን ዝርዝር አወጣች። ወረቀቱ ላይ ስልሳ አንድ ስም አለ። ሰርቨሩ ላይ ያሉትን ሳጥኖች ቆጠረች። ስልሳ ናቸው። እንደገና ቆጠረች።

"ብሩክ፣ አሚኑን መዝግበኸዋል አይደል?"

"አዎ፣ ነሐሴ ላይ" አለ ቀና ሳይል።

"ነሐሴ ላይ የክሊኒኮቹ ዝርዝር የት ነበረና?"

ብሩክ ሬድዮውን አወረደ። "የትኛውን አሚኑ ነው የምትዪኝ?"

የማሽኑን መዝገብ ከፍታ ወደ ታች ወረደች። የሳሌሃ ደብዳቤ ሐሙስ መስከረም 19፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ገብቷል፤ አምስት ፎቶ ተያይዞበታል። በር ላይ የክሊኒኮቹ ኅብረት አሚኑ ተብሎ ነው የገባው። ውስጥ ሲገባ ማሽኑ ቤቱን ረስቶ ስሙን ብቻ ይዞ፣ አሚኑ ከሚለው ብቸኛ ሳጥን ከቶታል። ሳጥኑ የነጋዴው ነበር። ዓርብ መስከረም 20፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአምስት፣ ከነጋዴዎቹ ማኅበር ቢሮ ተከፍቷል። ደብዳቤው አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ተከፍቶ ቆይቷል።

እርሳሷን አንሥታ ሰዓቱን በዳርቻው ላይ ጻፈች። ከዚያ ሳሌሃ ጋ ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው።

በማግሥቱ ማለዳ ተሳፈረች። ዋናው መንገድ ስለማያስኬድ በእምድብርና በአረቅጥ አድርጎ ደጋውን በሚያቋርጠው መንገድ ሄደች። እንሰቱ በጭጋግ ውስጥ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሰው ባዶውን መንገድ ሲያዩ "መኪና የሌለበት መንገድ ደስ አይልም" አሉ፤ ሚኒባሱም ቡታጅራ ደረሰ።

የመጋዘኑ በር ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ጥበቃው ጋሽ ሳኒ ከጥላው ተነሡ፤ ሳሌሃ ጋ ስትመላለስ ያውቋታል።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሽ ሳኒ። ሳሌሃ የለችም?"

"ወአለይኩም ሰላም፣ ልጄ።" ወደ መንገዱ ተመለከቱ። "ትናንት ጠዋት ወሰዷት። የእኛው ሥራ አስኪያጅ ነው ሰዎቹን ይዟቸው የመጣው። ካርቶኑን ፈትሸው የቀን ወረቀት ከመሳቢያዋ አገኘን አሉ። ራሷ ናት የለጠፈችው ተባለ።"

"ከመሳቢያዋ?"

"ቅዳሜ ከሰዓት መጋዘኑን ሥራ አስኪያጁ ራሱ አስከፍቶኛል። ብቻውን ገብቶ ወጣ። እኔ ጥበቃ ነኝ፤ የታዘዝኩትን እከፍታለሁ።" ሽማግሌው ከኮታቸው ኪስ አንድ ነገር አወጡ። "ይህን ጠረጴዛዋ ላይ ጥላው ነው የሄደች። እናቷ ስትመጣ እሰጣለሁ ብዬ ነበር።"

ሰማያዊው መድኃኒት ነበር።

ዓለምዘውድ ሳሌሃ ወደታሰረችበት ግቢ በባጃጅ ሄደች። በሩ ላይ የቆመው ሰው መድኃኒቱን አገላብጦ አየና መለሰላት። "ዛሬ ዕቃ አይገባም። ነገ ነይ።" ነገ መጣች። ከነገ ወዲያም ከሳሌሃ አባት ከአቶ ሙሀመድአወል ጋር መጣች። "ያልተፈቀደ መድኃኒት ነው" ተባሉ። መስከረም 29 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ተነገረ፤ የሞባይል ኢንተርኔቱም ጠፍቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በሩ ላይ መቆምም ተከለከለ። ዓለምዘውድ የሄደችባቸውን ቀኖች ሁሉ ጽፋለች። ሰባት ናቸው። ሰዓቶቹም አሉ።

እሑድ ጥቅምት 6 አባትየው መጥተው ልጃቸውን እንዲወስዱ ተነገራቸው። መተንፈስ አቅቷት ነው አሏቸው። በዚያው ቀን ከሰዓት ተቀበረች። ወንዶቹ ወደ መቃብሩ ሲሄዱ ዓለምዘውድ ከሴቶቹ ጋር ቤት ቀረች። የሳሌሃ እናት ከድጄ እጇን ይዘው "አንቺን ታምንሽ ነበር፣ ሁሌ ስምሽን ትጠራ ነበር" አሏት። ሊያጽናኗት ነው ያሉት። መድኃኒቱ አሁንም ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

ጥቅምት 14 ሰኞ ጠዋት አቶ ሰይዶ ከሁለተኛው ፎቅ ወርደው መዝገብ ቤት ገቡ። ወትሮ ሰው ያስጠሩ ነበር እንጂ አይወርዱም።

"ወይዘሪት ዓለምዘውድ፣ የጓደኛሽን ነገር ሰምቻለሁ። ነፍስ ይማር።" ሰርቨሩን አዩት። "ብሩክ በአዲሱ አሠራር ይተክለዋል፤ ድርጅቱ ሁሉ ለየብቻ። አሮጌው ነገር ይጽዳ።"

"መዝገቡም?"

"አሮጌ ያልኩት ሁሉንም ነው።"

"አቶ ሰይዶ፣ ሳሌሃ ወረቀቱን ራሷ ለጥፋ ቢሆን ኖሮ፣ ከመያዟ አራት ቀን በፊት ፎቶ አንሥታ ለተቆጣጣሪ ትልክ ነበር? ማስረጃው እዚህ ማሽን ላይ ነው።"

"ማስረጃው ላይ ሌላም ነገር አለ" አሉ በለሰለሰ ድምፅ። "ደብዳቤውን ማን ከማን እጅ እንዳገባው። ብሩክ ነግሮኛል። ለአንቺ ብዬ ነው እንዲጠፋ የምፈልገው። ጊዜው ጥሩ አይደለም፤ ታውቂያለሽ።"

"አንድ ቀን ይስጡኝ" አለች።

"ምን ልታደርጊበት?"

"ልቆጥረው።"

አቶ ሰይዶ ፈገግ አሉ፤ ይህን ጠባይዋን ሁሉም ያውቀዋል። "አንድ ቀን" ብለው ወጡ።

በዚያ ቀን የማሽኑን መዝገብ ሦስት ገጽ፣ የሳሌሃን ደብዳቤ ሁለት ገጽ፣ ፎቶዎቹን አምስት ገጽ አተመች። በዳርቻዎቹ ላይ የአገሩን ሰዓት ጻፈች። ከዚያ አሥራ አንደኛውን ገጽ ራሷ ጻፈችው። መስከረም 13 ቀን ያላመሳከረችው ዝርዝር የትኛው እንደሆነ፣ ማሽኑ ይህ ስም አለ ባላት ጊዜ ምን አስባ እንዳለፈች፣ መስከረም 18 ሳሌሃ ስትጠይቃት ምን ብላ እንደመለሰች። ሚኒባሱን አላነሣችም። ብሩክንም አላነሣችም። ስሟን ከነአባቷ ስም ጻፈች፤ ፈረመች፤ የወጪ ቁጥር 412 ሰጠችው። ሦስት ቅጂ አደረገች። በማግሥቱ ብሩክ ዓይኗን ሳያይ ማሽኑን አጸዳው።

አንዱን ቅጂ ለአቶ ሙሀመድአወል ሰጠቻቸው። አሥራ አንደኛውን ገጽ እፊታቸው ቆማ አነበበችላቸው። ሽማግሌው ሰምተው ሲጨርሱ ወረቀቱን በአራት አጥፈው ከቁርኣኑ መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። አልረገሟትም፤ ግቢም ውጪም አላሏት። የወጣችው በራሷ ነው።

ሁለተኛውን ሐሙስ ጥቅምት 17 አረቅጥ ይዛ ወጣች። ተቆጣጣሪው አሚኑ ክሊኒኩ ውስጥ የክትባት ካርድ ሲያገላብጥ አገኘችው። አጭር፣ መነጽር ያደረገ ሰው ነው። ደብዳቤውን ቆሞ አነበበ።

"መቼ ነው የተላከልኝ?"

"መስከረም 19።"

"እኔ እኮ የይለፍ ቃል የሰጠኝ ሰው የለም። ኢሜይሉ ገና አልተጀመረም ብዬ ተውኩት።"

"አልተከፈተልህም ነበር። አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ አለ።"

እሱንም አነበበ። ከዚያ ወደ መድኃኒት ቁም ሣጥኑ ሄደ፤ አንድ የልጆች መርፌ ብልቃጥ አወጣ፤ መስኮቱ ጋ ወስዶ በአውራ ጣቱ ጥፍር ጠርዙን ላጠው። ወረቀቱ ተነሣ። ከሥሩ ሌላ ቀን ነበር። ነርሷን ጠርቶ ቁም ሣጥኑን አስቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

"ከመስቀል ወዲህ ስንት ልጅ ተወግቷል?" ብሎ ጠየቃት። ነርሷ ካርዶቹን መቁጠር ጀመረች።

ዓለምዘውድ የመረከቢያ ደብተሯን ዘረጋችለት። "ደርሶኛል ብለህ ፈርምልኝ። ቀኑንም።"

ፈረመ። "ለበላይ እጽፋለሁ። የእሷም ስም ይጠራል" አለ። ደብተሩን ሲመልስላትም "አንቺ ግን ተጠንቀቂ" አላት።

ሰኞ ጥቅምት 21 ጠዋት ሰርቨሩ በአዲሱ አሠራር ይሠራ ነበር። አራት ድርጅት፣ አራት ክፍል፤ ስልሳ አንድ ስም፣ ስልሳ አንድ ሳጥን። ሁለቱ አሚኑዎች ዳግም አይገናኙም። ዓለምዘውድ ቆጠረች፤ ልክ ነው። ዓርብ እስኪሆን ሳትጠብቅ መዝገቡን አተመችና እርሳሷን አነሣች።

የራሷ ሳጥን ተከፍቷል። እሑድ ጥቅምት 20፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ። በዚያ ሰዓት እሷ ከእናቷ ጋር ጸሎት ቤት ነበረች፤ ቢሮው ዝግ ነው። ደብዳቤዎቿ ማሽኑ ከጸዳበት ከጥቅምት 15 ጀምሮ አንድ በአንድ ተከፍተው ታይተዋል። የተከፈተበትን ኮምፒውተር ቁጥር ከዝርዝሯ ጋር አመሳከረች። የነጋዴዎቹ ቢሮ አልነበረም። የዚሁ ሕንፃ ነው፤ ሁለተኛው ፎቅ።

ደብተሩን ሳበች። ቁጥር 419 ብላ ጻፈች፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የኮምፒውተሩን ቁጥር። ቀጥላም፦ በባለቤቱ አልተከፈተም። ስሟን ከነአባቷ ስም ጨመረች። ከላይ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ብሩክ ቦታው ላይ የለም፤ ኮቱም የለም። በመስኮቱ በኩል ሰሌዳ የሌለው አንድ ፒካፕ ሞተሩን ሳያጠፋ በር ላይ ቆሟል።

ከደረጃው የሚወርድ ኮቴ ሰማች። ከአንድ ሰው በላይ ነው። ሦስተኛው ቅጂ ያለበት ቦታ አንድ ሌላ ሰው ብቻ የሚያውቀው ነበር፤ መደርደሪያውን የሠራው አናጢ አባቷ የትኛው ሳጥን ድርብ ወለል እንዳለው ያውቃል። ዓለምዘውድ ሰማያዊውን መድኃኒት ከቦርሳዋ አውጥታ ከደብተሩ አጠገብ አስቀመጠች፤ የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ እርሳሷን ቀርጻ ቀጣዩን ቁጥር፣ 420ን፣ ጻፈች። ከጎኑ ያለውን ባዶ መስመር ትታ፣ በሩ እስኪከፈት ጠበቀች።